ቁንጭርና የላቦራቶሪው ምስክርነት

ገደል ከገደል በሚፋጠጥበት፣ ሽኮኮም ከዋሻው አፍ ወጥቶ የማለዳ ፀሐይ በሚሞቅበት በደጋው አገራችን የሚኖር ሕዝብ ቁንጭርን አሳምሮ ያውቀዋል። በትግራይ ጊዝዋ ይባላል። አነሣሡ ተራ የትንኝ ንክሻ መስሎ በጉንጭ፣ በአፍንጫ፣ በከንፈር ወይም በጆሮ ላይ ብቅ በማለት ነው። ሳምንታት አልፈው ወራት ሲተኩ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ቅርፊት ያበጃል፤ አንዳንድ ጊዜም ከመካከሉ ይቆስላል። ብዙውን ጊዜ ሕመም ስለሌለው «ነገ ይደርቃል» እየተባለ ይታለፋል። በእርግጥም ያለ መድኃኒት የሚድኑ ሕሙማን ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ለመዳን ወራት፣ አልፎ አልፎም ዓመታት የሚፈጅ ከመሆኑም በላይ፣ ሲለቅ በፊት ላይ የማይጠፋ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል።

የዓለም የጤና ድርጅት ይህን በሽታ ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጎራ መድቦታል። «ሐሩር» የሚለው ቃል ለእኛው ቁንጭር የሚስማማ ሆኖ አላገኘነውም፤ የእኛው ቁንጭር ብርድ ልብስ የሚያስደርብ አገር በሽታ ነውና። ትኩረት መነፈጉ ግን አያከራክርም። በ2012 የወጣ ዓለም አቀፍ ግምት በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 የሚደርሱ ሰዎች በበሽታው እንደሚያዙ ሲያመለክት፣ በሐኪም ቤቶች መዝገብ የሰፈረው ቁጥር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡልን እንፈልጋለን።

በዛሬው ጽሑፋችን የምናተኩረው በመድኃኒቱ ላይ ሳይሆን ከመድኃኒቱ አስቀድሞ መመለስ በሚገባው ጥያቄ ላይ ነው። ይኸውም፦ ይህ ቁስል በእርግጥ ቁንጭር መሆኑ በምን ይታወቃል? «ተመርምሬ ምንም አልተገኘብኝም» ብሎ ከጤና ጣቢያ የተመለሰ ሰውስ በእርግጥ ከበሽታው ነፃ ነውን?

ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ

ቁንጭር ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያውና የተለመደው በአንድ ወይም በጥቂት ቦታ ተወስኖ የሚቀረው ቁስል ነው። ሁለተኛው ወደ አፍንጫና ወደ ከንፈር ውስጠኛው ልስልስ ክፍል ተሻግሮ ፊትን የሚያበላሸው ነው። ሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ በጥቂት ሰዎች ላይ የሚታይ ሆኖ፣ ክፋቱ ግን የባሰ ነው። ይህ የተሠራጨ ቁንጭር የሚባለው ሲሆን፣ በፊት፣ በክንድና በእግር ላይ የማይቆስሉ እብጠቶችን እያበዛ ለብዙ ዓመታት የሚቆይና በራሱ የማይድን ነው። የሰውነት የመከላከያ ኃይል ተውሳኩን ለይቶ ስለማይዋጋው፣ በቆዳው ውስጥ ያለ ገደብ ይራባል።

እንግዲህ ይህን ሦስተኛውን መልክ ያየ ሰው ወዲያው በአእምሮው የሚመጣበት ቁንጭር አይደለም። የሚመጣበት ሥጋ ደዌ ነው። የዓይን ሽፋሽፍት አካባቢ ያብጣል፣ የጆሮ ጫፍ ይወፍራል፣ ፊት ይጎረብጣል። በ1960 በኢትዮጵያ የታየውን ይህን የበሽታ ዓይነት በጽሑፍ ያሳወቁት ሐኪሞች ለጽሑፋቸው የሰጡት ርእስ ራሱ «ሥጋ ደዌ መሳይ» የሚል ትርጉም ያለው ነበር። የተማረው ሐኪም እንኳ «መሳይ» እስከማለት የደረሰበትን ነገር ጎረቤትና ዘመድ በዓይኑ ብቻ ይለየዋል ማለት ዘበት ነው።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። «ሥጋ ደዌ» የሚለው ቃል በአንድ ሰው ላይ ከወደቀ በኋላ ማዕድ ይለያል፣ ጋብቻ ይፈርሳል፣ ልጆችም ከእኩዮቻቸው ይገለላሉ። ይህ መገለል በሥጋ ደዌ ለተያዘውም ቢሆን የማይገባ መሆኑ እሙን ነው፤ በሽታው ዛሬ በመድኃኒት የሚድን ነውና። ይሁን እንጂ የሥጋ ደዌ መድኃኒቶች የቁንጭርን ተውሳክ አያጠፉትም። በስሕተት የተፈረጀው ሰው ለወራት መድኃኒት ይውጣል፤ ቆዳው ግን አይሻለውም። «መድኃኒቱም አልያዘለትም» የሚለው ሐሜት በመጀመሪያው ላይ ይደረብበታል።

ስሕተቱ በተቃራኒው በኩልም ይፈጸማል። ለቁንጭር የሚሰጠው ዋናው መርፌ ከአንቲሞኒ ማዕድን የሚሠራ ነው። ሕመሙ የበረታባቸው ሰዎች መርፌውን በሰውነታቸው ክብደት ልክ እየተመጠነ ለ28 ቀናት ያህል ሳያቋርጡ ይወጉታል። መርፌው ያማል፤ የልብን አመታት ሊያዛባ፣ ጣፊያን ሳይሆን ቆሽትንና ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህም በፈንገስ፣ በቆዳ ነቀርሳ ወይም በቆዳ ካንሰር የታመመን ሰው «ቁንጭር ሳይሆን አይቀርም» በሚል ግምት በዚህ መርፌ ማሠቃየት ከባድ ጥፋት ነው። ይህ ሁሉ ሲታሰብ ከመርፌው በፊት ማስረጃ መቅደም ያለበት ለምን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

የጦር ሐኪሞች ድርሻ

የዚህ ተውሳክ የመገኘት ታሪክ ከጦር ሠራዊት ሕይወት ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ለወታደር አንባቢዎቻችን ጥቂት ብናነሣ አግባብ ይመስለናል። በታሽከንት ወታደራዊ ሆስፒታል ያገለግል የነበረው ሩሲያዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፒዮትር ቦሮቭስኪ ከሕሙማኑ ቁስል የወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ የበሽታው መንሥኤ ባለ አንድ ሕዋስ እንስሳ መሆኑን ተገንዝቦ በ1898 አሳተመ። ያሳተመው ግን በሩሲያ ወታደራዊ የሕክምና መጽሔት ላይ ነበር። መጽሔቱን ከአገሩ ውጪ የሚያነበው ስላልነበረ፣ ግኝቱ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለሌላው ዓለም በሚገባ የታወቀው ከ40 ዓመታት በኋላ በ1938 ነው። በወታደራዊ ኅትመት ላይ ለምንደክም ሰዎች ይህ ታሪክ በመጠኑም ቢሆን የሚከነክን ነው።

በዚያ መካከል ሌሎች ቀደሙ። የብሪታንያ ጦር ሐኪም የነበረው ዊልያም ሌሽማን፣ በካልካታ አቅራቢያ በነበረው በዳም ዳም የጦር ሰፈር አገልግሎ በትኩሳት በሞተ አንድ ወታደር ጣፊያ ውስጥ በ1900 ያየውን ረቂቅ አካል በ1903 ለዓለም አስታወቀ። በዚያው ዓመት ቻርለስ ዶኖቫን በማድራስ ያንኑ አገኘ። የወባን ከትንኝ ጋር ያለውን ግንኙነት ያረጋገጠው ሮናልድ ሮስ ለተውሳኩ ሌሽማንያ የሚለውን ስም ሲሰጥ፣ ጄምስ ራይት ደግሞ በቦስተን ከአንድ ሕፃን ቁስል ውስጥ ተመሳሳዩን ገለጸ። ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ በሽታውን ሌሽማንያሲስ የሚሉት ከዚህ በመነሣት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በእንዶድ ምርምራቸው ስማቸው የገነነው ዶክተር አክሊሉ ለማ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደጋው የቁንጭር ሥርጭት ላይ ያደረጉትን ጥናት በ1969 አሳትመዋል። ቀጥሎም በወሎ ኩታበር በተባለው ስፍራና በሌሎችም ቦታዎች የተካሄደው ምርመራ ተውሳኩ በሽኮኮ አካል ውስጥ እንደሚኖርና የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ደቃቅ ነፍሳት ከሽኮኮው ወደ ሰው እንደምታሻግረው አረጋገጠ። ይህ ደገኛ ተውሳክ ከሌሎቹ የተለየ ዘር መሆኑ ታውቆ በ1973 «ሌሽማንያ ኢትዮፒካ» ተብሎ ተሰየመ። ከአገራችን ሌላ በኬንያ ኤልጎን ተራራ ላይም ይገኛል። እዚያም ገደል፣ ዋሻና ሽኮኮ አለና።

መስተዋቱ የሚያየውና የማያየው

ዛሬም ቢሆን በአብዛኛው ሐኪም ቤት የሚሠራበት ምርመራ ከቦሮቭስኪ ዘመን ብዙ የራቀ አይደለም። ባለሙያው የቁስሉን ጠርዝ በጣቶቹ ቆንጥጦ ደሙን ያሸሻል፤ በምላጭ ጥቂት ሰንጥቆ ከቆዳው ውስጥ ፍቆ ያወጣውን ፈሳሽ በመስተዋት ላይ ይቀባል፤ ካደረቀውም በኋላ ጊምሳ በተባለው ቀለም ያቀልመዋል። ከዚያም በዘይት ጠብታ አማካይነት 1,000 ጊዜ በሚያጎላው የማይክሮስኮፑ ዓይን ይመለከተዋል። የሚፈልገው ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ የሚሆን፣ ሞላላ ቅርጽ ያለው አካል ነው። በውስጡ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ነጥብ መኖር አለበት። ትልቁ ነጥብ አስኳሉ ሲሆን፣ ትንሹ ኪኔቶፕላስት ይባላል። ሁለቱ በአንድነት ካልታዩ የታየው ነገር ተውሳክ ነው ተብሎ አይመዘገብም፤ የቀለም ዝቃጭም ሊሆን ይችላልና።

ይህ ዘዴ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ብዙ ኤሌክትሪክም አይጠይቅም። ተውሳኩ ከታየም ነገሩ አበቃ፤ ማስረጃ ተገኘ። ችግሩ ያለው ተውሳኩ ሳይታይ ሲቀር ነው። ቁስሉ እየቆየ በሄደ መጠን የሰውነት መከላከያ ብዙዎቹን ተውሳኮች ስለሚገድል፣ ከዓመት በኋላ የመጣ ሕመምተኛ በመስተዋቱ ላይ የሚታይበት ተውሳክ እጅግ ጥቂት ነው። ናሙናው ከጠርዙ ሳይሆን ከሞተው መካከለኛ ክፍል ከተወሰደ፣ ደም ከበዛበት፣ ቀለሙ ከተበላሸ ወይም ባለሙያው በዚያ ቀን በብዙ ናሙና ብዛት ዓይኑ ከደከመ ውጤቱ «አልተገኘም» ይሆናል። እንግዲህ «አልተገኘም» እና «የለም» የተባሉት ሁለት ቃላት አንድ አለመሆናቸውን ልብ ይሏል። አንድ ቃፊር ሌሊቱን «ጠላት አላየሁም» ብሎ ሪፖርት ቢያደርግ አዛዡ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከየት ሆኖ፣ በምን ብርሃን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተመለከተ ነው። የላቦራቶሪ ወረቀትም በዚሁ ዓይን መነበብ አለበት።

ከማይክሮስኮፑ ሌላ ናሙናውን በልዩ መብል ውስጥ ዘርቶ ማሳደግም ይቻላል። ተውሳኩ በብልቃጥ ውስጥ ሲያድግ በዝንቧ ሆድ ውስጥ የሚኖረውን ቅርጽ ይይዛል፤ ረዝሞና ጭራ አውጥቶ ሲዋኝ ይታያል። ይሁን እንጂ ሳምንታት የሚጠይቅ ከመሆኑም ሌላ፣ የኢትዮጵያው ዘር በብልቃጥ ውስጥ በቀላሉ የሚያድግ አይደለም። ተራ የቆዳ ባክቴሪያ ገብቶም ያበላሸዋል።

በሺህ የሚቆጠር ቀለበት

የሞለኪውል ምርመራ የሚባለው አዲሱ ዘዴ የተውሳኩን አካል አይፈልግም። የሚፈልገው የተውሳኩን የዘር ጽሑፍ ነው። ማንኛውም ሕያው ፍጡር የተፈጥሮ ጠባዩ ተጽፎ የሚገኘው ዲ.ኤን.ኤ. በተባለው፣ እንደ ድርብ ክር በተገመደ ረጅም ሞለኪውል ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በሰውም ሆነ በባክቴሪያ የማይገኝ፣ የሌሽማንያ ብቻ የሆነ ዐረፍተ ነገር አለ። ያ ዐረፍተ ነገር በናሙናው ውስጥ ከተገኘ ተውሳኩ እዚያ ነበር ማለት ነው።

አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻውን በዓይንም ሆነ በመሣሪያ የሚታይ አይደለም። ስለዚህ መባዛት አለበት። የማባዣውን ዘዴ አሜሪካዊው ኬሚስት ካሪ መሊስ በ1983 አፈለቀው፤ በ1993ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዘዴው በምሕጻር ፒ.ሲ.አር. ይባላል። አሠራሩ በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ናሙና ወደ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ድርብ ክሩ ተተርትሮ ሁለት ነጠላ ይሆናል። ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ፕራይመር የሚባሉት፣ የሚፈለገውን ዐረፍተ ነገር መነሻና መድረሻ እንዲያውቁ ሆነው የተሠሩ ሁለት አጫጭር ቁራጮች በየቦታቸው ይጣበቃሉ። እንደገና ወደ 72 ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ አንድ ኤንዛይም ከእነዚህ መነሻዎች ተነሥቶ የጎደለውን ነጠላ ክር ይፈትላል። አንዱ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ዙሩ ሲደገም ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። ሁሉም በወጉ ከሄደ በ30ኛው ዙር ከአንዱ ከ1 ቢሊዮን በላይ ቅጂ ይገኛል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኤንዛይሙ ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ተራ ኤንዛይም በ95 ዲግሪ ሙቀት እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይበላሻል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባለሙያዎች በየዙሩ አዲስ ኤንዛይም እየጨመሩ ይደክሙ ነበር። መፍትሔው የተገኘው ከፍል ውሃ ነው። ቶማስ ብሮክና ተማሪው ሃድሰን ፍሪዝ በአሜሪካ የሎውስቶን በተባለው ስፍራ በሚፈላ ምንጭ ዳር የሚኖር ባክቴሪያ አግኝተው በ1969 አሳውቀው ነበር። በሚያቃጥል ውሃ የሚኖር ፍጡር ሙቀት የማይበግረው ኤንዛይም ሊኖረው ግድ ነው። ያ ኤንዛይም በፒ.ሲ.አር. ሥራ ላይ ሲውል ማሽኑ ያለ ሰው ጣልቃ ገብነት ዙሩን ሁሉ መጨረስ ቻለ። ፍል ውሃ ዳር ቁጭ ብሎ ባክቴሪያ የሚለቅም ሰው ያን ጊዜ ምን ይጠቅማል ሳይባል አልቀረም ይሆናል።

አሁን ወደ ትንሹ ነጥብ፣ ወደ ኪኔቶፕላስት እንመለስ። ይህ አካል ሌሽማንያና የቅርብ ዘመዶቹ ብቻ ያላቸው ነው። በውስጡ 10,000 ያህል ትንንሽ የዲ.ኤን.ኤ. ቀለበቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ተጠላልፈው ይገኛሉ። አወቃቀሩ የጥንት ተዋጊዎች ይለብሱት የነበረውን ጥሩር ይመስላል። የምርመራው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የሚፈለገው ዐረፍተ ነገር በአንድ ተውሳክ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈ ቢሆን፣ በናሙናው ውስጥ ብዙ ተውሳክ መኖር ነበረበት። በቀለበቶቹ ላይ ግን ያው ዐረፍተ ነገር በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ተደጋግሞ ተጽፏል። ስለዚህ ባለ ማይክሮስኮፑ ሰዓት ሙሉ ፈልጎ ያጣውን አንድ ተውሳክ፣ ወይም የአንዱን ስባሪ እንኳ፣ ፒ.ሲ.አር. ሊያገኘው ይችላል። የቆየ ቁስል ይዞ የመጣው፣ «ምንም አልተገኘብህም» ተብሎ የተመለሰው ሰው እውነቱን የሚያገኘው በዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ቀለበቶቹ «ሌሽማንያ ነው» ይሉ እንደሆነ እንጂ የትኛው ዘር እንደሆነ በሚገባ አይናገሩም። ለዚህ ደግሞ አይ.ቲ.ኤስ.-1 የሚባለው ሌላ የዘር ክፍል ተባዝቶ፣ በቆራጭ ኤንዛይም ተከታትፎ፣ የቁርጥራጮቹ ርዝመት ይለካል፤ ወይም ደግሞ ጽሑፉ ፊደል በፊደል ይነበባል። ዘሩን መለየት ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በመተማና በሑመራ ቆላ ካላ አዛር የሚባለውን ገዳይ የውስጥ ደዌ የሚያስከትለው የተለየ ዘር አለ፤ ያ በሽታ ከዳነ በኋላም በቆዳ ላይ ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል። በሱዳን ሜዳም የራሱ የቆዳ ቁስል የሚያመጣ ሌላ ዘር አለ። ዘንድሮ በደጋ፣ ከርሞ በቆላ የሚመደብ ወታደር በቆዳው ላይ ያለው ምልክት ከየትኛው እንደመጣ ሐኪሙ ካላወቀ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ሊሳሳት ይችላል።

ምስክሩንም መመርመር

እስካሁን የተናገርነው የፒ.ሲ.አር.ን በጎ ገጽታ ነው። አንድን ወደ ቢሊዮን የሚያበዛ መሣሪያ ስሕተትንም ያን ያህል እንደሚያበዛ መዘንጋት የለበትም። ከትናንቱ ሥራ በአየር ላይ የቀረ ብናኝ ወደ ዛሬው ብልቃጥ ቢገባ ጤነኛው ሰው ሕመምተኛ ይባላል። ስለዚህ በሥርዓት የሚሠራ ላቦራቶሪ ክፍሎቹን ይለያያል፤ መድኃኒቱ በአንዱ ይቀመማል፣ ናሙናው በሌላው ይጨመራል፣ የተባዛው በሦስተኛው ይነበባል። ባለሙያው ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ይሄዳል እንጂ የለበሰውን ካፖርት እንደለበሰ ወደ ኋላ አይመለስም። በየጊዜውም ንጹሕ ውሃ ብቻ የያዘ ብልቃጥ ከሌሎቹ ጋር ይገባል። ያ ብልቃጥ «ተውሳክ አለብኝ» ካለ የዚያ ቀን ውጤት በሙሉ ውድቅ ይሆናል። በሌላ በኩል የሕመምተኛው የራሱ ዘር በናሙናው ውስጥ መኖሩ ይረጋገጣል። እሱም ካልተገኘ ምላጩ ቆዳውን በሚገባ አልነካውም፣ ወይም የደሙ ብዛት ኤንዛይሙን አግዶታል ማለት ስለሆነ፣ «የለም» ተብሎ አይጻፍም፤ ናሙናው እንደገና ይወሰዳል።

ሌላም ገደብ አለ። የዘር ጽሑፍ ከሞተ ተውሳክም ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ መርፌውን ጨርሶ ቁስሉ እየደረቀ ባለ ሰው ላይ ፒ.ሲ.አር. «አለ» ቢል መድኃኒቱ አልሠራም ለማለት አይበቃም። ለዚህ ዳኛው የሐኪሙ ዓይንና ጊዜ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የርቀት ጉዳይ ነው። በአገራችን ቁንጭርን በማከም የሚታወቁት በአዲስ አበባ አለርት፣ ከደሴ አጠገብ የሚገኘው ቦሩ ሜዳና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ናቸው። ከአለርት ጋር ጎረቤት የሆነው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የሞለኪውል ምርመራ ይሠራል። ይሁንና ለብዙው ሕመምተኛ ፒ.ሲ.አር. እስከ ዛሬ የተመራማሪ መሣሪያ እንጂ የጤና ጣቢያ አገልግሎት አልሆነም። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የማባዣ ማሽኖች በየክልሉ ላቦራቶሪዎች እንዲገቡ ተደርጓል። ማሽኑ መግባቱ ግን ብቻውን አይበቃም። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው፣ ከበረዶ በታች ቅዝቃዜ የሚጠይቀው ኬሚካል፣ የማይቆራረጥ ኤሌክትሪክና ለዚህ በሽታ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። በገደሉ ጫፍ የሚኖረው ገበሬ በበኩሉ እርሻውን ጥሎ የሁለትና የሦስት ቀን መንገድ ሊመላለስ አይችልም።

በመሆኑም የዛሬው ምርምር ሁለት መንገድ ይዟል። አንደኛው ሰውየው ባለበት ሆኖ ናሙናው እንዲጓዝ ማድረግ ነው። የዘር ጽሑፍ በአልኮል ውስጥ ወይም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ ሳይበላሽ ሊጓዝ ይችላል። በጎንደር የተሞከረው ሌላ ዘዴ ደግሞ ምላጭን ጭምር የሚያስቀር ነው፤ በቁስሉ ላይ የሚጣበቅ ክብ ልጣፍ ተለጥፎ ሲነሣ ይዞት የሚወጣው የቆዳ ብናኝ በፒ.ሲ.አር. ይመረመራል። በአፍንጫው ጫፍ ላይ ቁስል ያለበት ሕፃን በምላጭ ሲሰነጠቅ ያየ ሁሉ የዚህን ጥቅም አስረጅ ሳያስፈልገው ይረዳዋል።

ሁለተኛው መንገድ ማሽኑን ማቅለል ነው። በ2000 በጃፓን ሳይንቲስቶች ይፋ የሆነውና ላምፕ በሚል ምሕጻር የሚጠራው ዘዴ ሙቀቱን ማውጣትና ማውረድ አያስፈልገውም። ሁለት በነበሩት ፕራይመሮች ፋንታ አራት ወይም ስድስት ተጠቅሞ በ65 ዲግሪ ገደማ ብቻ፣ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ያባዛል። ውጤቱም በብልቃጡ ውስጥ በሚፈጠረው ብርሃን በዓይን ይለያል። ለሌሽማንያ የተዘጋጀው ኬሚካል ደርቆ በብልቃጡ ክዳን ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ ፍሪጅ ሳይኖር ሊቆይ ይችላል። ቁንጭር መሰል ቁስል እጅግ በተስፋፋባት በካቡል ከተማ ተፈትኖ አበረታች ውጤት አሳይቷል። በአንጻሩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መስመር የሚያሳየው ፈጣን መመርመሪያ በአገራችን ሲሞከር ከእውነተኞቹ ሕሙማን ብዙዎቹን ሳያገኛቸው ቀርቷል። በሌላ አገር የሠራ ነገር ሁሉ በእኛው ደጋ ተውሳክ ላይ ይሠራል ብሎ ከመቀበል በፊት እዚሁ መፈተን እንደሚገባው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይኸው የሞለኪውል ዘዴ ከሕመምተኛውም አልፎ ወደ ዋሻው ገብቷል። በጋሞ ደጋ፣ ከአርባ ምንጭ ብዙ በማይርቀው በኦቾሎ መንደር ተመራማሪዎች ከዋሻና ከመኖሪያ ቤት የአሸዋ ዝንብ አጥምደው፣ ከሽኮኮም ናሙና ወስደው በፒ.ሲ.አር. መርምረዋል። የተውሳኩ ዘር በዝንቧም በሽኮኮውም ተገኝቷል። ድንጋዩና መንደሩ ተቀላቅለው በሚገኙበት በዚያ ስፍራ ቁንጭር በተለይ የልጆች በሽታ ሆኖ መኖሩ ከዚህ የመጣ ነው።

ለሰፈር አዛዦችና ለቤተሰብ

ይህን ያህል ካልን በኋላ በተግባር የሚጠቅመውን እንጨምር። የአሸዋ ዝንብ ቁመቷ ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ድምፅ የሌላት፣ በጨለማ የምትነክስና ሩቅ የማትበር ነፍሳት ናት። ቀን የምትውለው በዋሻ፣ በድንጋይ ስንጥቅና በካብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለሌሊት ማደሪያ ወይም ለድንኳን ስፍራ ሲመረጥ የሽኮኮ ኩስ ነጭና ቡናማ ሆኖ ድንጋዩን ካቀለመበት ቦታ መራቅ ያስፈልጋል። ዝናብ የማያስገባ ዋሻ ለደከመ ሰው ያጓጓል፤ ይሁንና የዝንቧም ቤት እሱው ነው። የተለመደው የትንኝ አጎበር ቀዳዳው ሊሰፋባት ስለሚችል ወንፊቱ የጠበበ ወይም በፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር ይመረጣል። በምሽት ዘብ የሚቆም ሰው እጅጌውን ቢያወርድና አንገቱን ቢሸፍን መልካም ነው።

ከአንድ ወር በላይ የቆየ፣ የማያምና የማይደርቅ እብጠት በፊት ወይም በእጅ ላይ ሲታይ በትኩስ ብረት መተኮስ፣ የባትሪ አሲድ መቀባት ወይም ቅጠል ጨቅጭቆ መለጠፍ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። ጠባሳውን ያሰፋዋል፤ በላዩ ላይ ሌላ ባክቴሪያ ስለሚያስገባም ተውሳኩን በምርመራ ማግኘት አዳጋች ያደርገዋል። ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው ቁስሉ ከመቼ ጀምሮ እንደነበረ፣ በዚያን ጊዜ በየትኛው ወረዳ ወይም ግዳጅ ላይ እንደነበረና ምን እንደቀባበት ሳይደብቅ መናገር አለበት። በማይክሮስኮፕ ሳይገኝበት የቀረ ሕመምተኛ ቁስሉ ካልዳነ ናሙናው ከሌላ ጠርዝ እንደገና እንዲወሰድለት፣ ከተቻለም ወደ ሪፈራል ሆስፒታል እንዲላክለት ሊጠይቅ ይገባል። ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ቁስሉን በንጹሕ ውሃና ሳሙና አጥቦ፣ ምንም ሳይቀቡ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ መቅረብ ይበቃል።